ዶቃው ቀይ ቢሆን የጨለፈው ምን አጠፋ?

ጓደኛዬ የምትሠራበት ድርጅት ሰሞኑን አዲስ ውሳኔ አወጣ። ሠራተኛው በየወሩ ባስተናገደው ደንበኛ ብዛት ይደረደራል፣ ሁለት ወር ጭራ የሆነ ይሰናበታል። ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ «ቁጥር አይዋሽም፣ ካይዘንም የሚለው ይህንኑ ነው» አሉ። እኔን ያበገነኝ ይህች ሁለተኛዋ ናት።

ካይዘን፣ ሥራን ሳያቋርጡ በጥቂት በጥቂቱ የማሻሻል የጃፓኖች ዘዴ፣ እንዲህ አይልም! ጃፓኖች ስለ ጥራት ከተማሩባቸው ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ኤድዋርድስ ዴሚንግ ናቸው። ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምረው በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስ ትምህርት ቤት ስታቲስቲክስ አስተማሩ፤ በ1993፣ በ93 ዓመታቸው እስኪሞቱም አላቆሙም። በ1950 ጃፓን ሄደው መሐንዲሶችንና የኩባንያ አለቆችን አስተማሩ፣ በዓመቱ በስማቸው ሽልማት ተቋቋመ። የገዛ አገራቸው ሕዝብ በወጉ ያወቃቸው ግን በ1980 በቴሌቪዥን ሲቀርቡ ነው፣ ሰማንያ ሊሞላቸው ወራት ሲቀሩ።

እኚህ የቁጥር ሰው በሴሚናሮቻቸው አንድ ሙከራ ያሳዩ ነበር። 3200 ነጭና 800 ቀይ ዶቃ ይደባለቃል። ከተሰብሳቢው ስድስት ሰው ይወጣና 50 ጉድጓድ ባለው ዝርግ መጨለፊያ እየጨለፈ ነጭ ብቻ እንዲያወጣ ይታዘዛል፤ ቀይ ብልሽት ነው። አንዱ 6 ቀይ ያወጣል፣ ሌላው 14። ዴሚንግ እንደ አለቃ ሆነው የመጀመሪያውን ያመሰግናሉ፣ ሁለተኛውን ይቆጣሉ። በሚቀጥለው ዙር ተመስጋኙ ራሱ 12 ያወጣል። ምን ያድርግ? ከአምስት ዶቃ አንዱ ቀይ ነው፣ ከ50ው አሥር ገደማ ቀይ መውጣቱ አይቀርም፣ ቢጮሁበትም ቢሸልሙትም ቢያባርሩትም ያው ነው። ዶቃውን የቀላቀለው እሱ አይደለማ!

የጓደኛዬ መስኮት ላይ በቀን ሁለት ሦስቴ «ሲስተም የለም» ይባላል። ያን ቀን ነጥቧ ይወርዳል። ሲስተሙን መርጣ የገዛችው እሷ ናት? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።

ሰነፍ ሠራተኛ የለም አልልም፣ አለ። ግን በዚህ ድርደራ አይለይም፣ ጎበዟንም አብሮ ይጠርጋታል። ዴሚንግ በዓመት አንዴ የሚደረገውን የሠራተኛ ምዘና እንኳ ከአስተዳደር ገዳይ በሽታዎች ቆጥረውታል። ይሄ ደግሞ በየወሩ ነው!

ሥራ አስኪያጁ ቁጥር ከፈለጉ ሲስተሙ በወር ስንት ሰዓት እንደቆመ ያስቆጥሩ። ከሠራተኞቹ ስም ዝርዝር በፊት እሱን ግድግዳ ላይ ይለጥፉልን።