ፎርማት ይደረግ ይላል ደግሞ!

ደሜ እንደፈላ ነው የምጽፈው። ፊደል ብገድፍ እለፉኝ።

ያን ለመነሳት ዘላለም የሚፈጅበትን የሳሎኑን ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ታውቁታላችሁ። ጠዋት አብርቼው፣ ልጆቹን ቁርስ አብልቼ፣ ባጃጅ ላይ አሳፍሬ ስመለስ ያቺ ክብ ነገር አሁንም ስክሪኑ ላይ ትዞራለች። እሺ፣ ዛሬ ይለይልን አልኩ። በዚህ በአዳማ ፀሐይ ሲፒዩውን የአክስቴን ልጅ አሸክሜ ፖስታ ቤት ሰፈር ወዳለ ኮምፒውተር ጠጋኝ ወረድን።

ባለሙያ ተብዬው ፊቴን እንኳ አላየም።

«ምን ሆነ?» አለው ልጁን። ዘጠነኛ ክፍል የሆነውን ልጅ!

«ለመነሳት ይዘገያል» አልኩ እኔ።

«ቫይረስ ነው» አለው ለእሱ። ገና ሶኬት ላይ አልሰካውም እኮ! በመዳሰስ ነው የሚያውቀው?

ታስክ ማናጀር የሚባለውን፣ ማሽኑ በምን እንደተጠመደ የሚያሳየውን መስኮት አይቼ ነበርና ቀስ ብዬ አስረዳሁት። «ታስክ ማናጀር ላይ ዲስኩ መቶ በመቶ ይላል። ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል። የደከመው ሃርድ ዲስኩ ነው፣ በፈጣኑ ዲስክ፣ በኤስኤስዲ ቀይርልኝ።»

ዝም አለ። ከዚያ ወደ ጓደኛው ዞረ። «ሰማህ? ማዘር ታስክ ማናጀር ትላለች!» ተሳሳቁ። የአክስቴ ልጅም ሳቀ፣ ከሃዲ።

ማዘር! ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው!

«ማዘር፣ ዩቲዩብ ላይ የሚወራው ሁሉ እውነት አይደለም። ፎርማት ይደረግና ዊንዶውስ 11 ይጫንበታል።» ዲስኩ ይጠረግና ከባዶ ይጀመር ማለቱ ነው። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ጥቅምት 2018 ላይ እንዳበቃ እኔም አውቃለሁ። ግን በዚህ ዲስክ ላይ 11 መጫን የደከመ የጋሪ ፈረስ ላይ ኩንታል መጨመር ነው።

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ዲስኩ ነው። ሃርድ ዲስክ ውስጥ ሳህን አለ፣ የእኔው በደቂቃ 7200 ጊዜ ይሽከረከራል። ማንበቢያው ከወዲያ ወዲህ እየተወረወረ ፋይል ይለቅማል። ዊንዶውስ ሲነሳ ደግሞ የሚፈልገው አንድ ትልቅ ፋይል አይደለም፣ እዚህም እዚያም የተበተነ ብዙ ትንንሽ ነገር ነው። ኤስኤስዲ ውስጥ የሚሽከረከርም የሚወረወርም የለም። ፎርማት ብታደርገው ለጊዜው ይቀለዋል፣ ፕሮግራሙ ሲመለስ እሱም ወደ ጥንቱ ይመለሳል። ይሄን ለማወቅ ጢም ማብቀል አለብኝ?

የውኃ ፓምፕ ሊሠራ የመጣውም ሰውዬ «ባለቤትሽ የሉም?» ብሎ ነበር። የሉም! ቢኖሩም ፓምፑን የምከፍተው እኔ ነኝ!

እሺ፣ በመጨረሻ «ለማንኛውም ላጽዳልሽ» አለኝ። አጸዳ። ከፈልኩ። ቤት ገብቼ አበራሁት፣ ከበፊቱ ባሰ! ኮንትሮል፣ ሺፍት፣ ኢስኬፕ ብዬ ታስክ ማናጀርን ከፍቼ ስታርትአፕ የሚለውን ሳይ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? አንድ «ማጽጃ»፣ አንድ ክራክ የተደረገ አንቲቫይረስ፣ አንድ ድራይቨር ፈላጊ። ሁሉም ከዊንዶውስ ጋር አብረው ይነሳሉ። ዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ አለው እኮ! ጭራሽ አንድ የቪዲዮ ስብሰባ ፕሮግራምም አለ። ከማን ጋር ልሰበሰብ? ሁሉንም ዲሴብል አደረግኳቸው፣ ማጽጃውን ከነጭራሹ ነቀልኩት። ትንሽ ተነፈሰ። ትንሽ ብቻ።

ጎረቤቴ ደግሞ «ስሊፕ አድርጊው እንጂ ለምን ታጠፊዋለሽ?» ትለኛለች። እኔ ነኝ የማጠፋው? መብራቱ ነው! ስሊፕ ራሙ ላይ፣ ማለትም ጊዜያዊ ማስታወሻው ላይ ያለውን ለመያዝ መብራት ይፈልጋል። ፋስት ስታርትአፕ የሚባለውም በሥርዓት ስታጠፉት ነው የሚሠራው፤ የሲስተሙን ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ በማግስቱ ከዚያ ይቀጥላል። መብራት ድርግም ሲል ምኑን ያስቀምጠው? ከባዶ ይነሳል፣ አንዳንዴም ዲስክ ልፈትሽ ብሎ ጭራሽ ይገተራል። ከተማችን ጫፍ ላይ ግን ነፋሱ የመብራት ማመንጫ ያሽከረክራል፤ አዳማ 1 የሚባለው 51 ሜጋ ዋት፣ አዳማ 2 ደግሞ 153። ለእንግዳ «እዩ፣ የኛ ነው» እያልን እናሳያለን። እራታችንን በሻማ እንበላለን።

ተውት፣ ደከመኝ። የወር ሪፖርቱም አልተላከም፣ አለቃዬ «ኮምፒውተሩ እንቢ አለ» የሚለውን ሰበብ ካቆመ ቆይቷል።

አዳማ ውስጥ ኤስኤስዲ ገጥሞ፣ የቆየውን ዲስክ እንዳለ ክሎን የሚያደርግ፣ ማለትም ወደ አዲሱ የሚገለብጥ ሰው የምታውቁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። የልጆቹ ፎቶ ሁሉ እዚያ ነው ያለው። ፎርማት የሚል እንዳትልኩብኝ። ማዘር የሚልም።