«ስልክህን ቀይረው» አትበሉ

የአዳማ ልጆች፣ ኮድ የምትጽፉ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ዛሬ የምናገረው ለእናንተ ነው። ለራሴም ጭምር።

እንግዳ ሲመጣብን ወደ ነፋስ ተርባይኖቹ ይዘነው እንሄዳለን። አዳማ አንድ በሚባለው ጣቢያ 34፣ አዳማ ሁለት በሚባለው 102 ናቸው። ሁሉም አንድ ላይ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። እንኮራባቸዋለን፣ ይገባናልም። ግን ከእነዚህ ኮረብታዎች ሥር ቁጭ ብለን የምንጽፈው ሶፍትዌር መብራት እንደ ጉድ ያባክናል። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

ከጓደኞቼ ጋር ለባጃጅ ሹፌሮች የደንበኛ ጥሪ የሚያደርስ አፕ ሠርተን ነበር። አንድ ቀን ፍራንኮ አካባቢ አንድ ሹፌር አስቆመኝ። «ወንድሜ፣ ይሄ ነገራችሁ ባትሪዬን ጨረሰው እኮ፤ ስልኬ ምሳ ሰዓት እንኳ አይደርስም» አለኝ። እኔም ሳላስብ «ስልክህ አርጅቷል፣ ቀይረው» አልኩት። ሰውየው ዝም ብሎ ሄደ። ያ ዝምታው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ማታ ኮዱን ከፍቼ አየሁት። አፑ በየ5 ሰከንዱ «አዲስ ጥሪ አለ?» እያለ ሰርቨሩን፣ ማለትም ጥሪዎቹን የሚያስተናግደውን ዋና ኮምፒውተር፣ ይጠይቃል። በሰዓት 720 ጊዜ ማለት ነው። ስልክ ዳታ በላከ ቁጥር ከኔትወርክ ጋር የሚያገናኘው የሬዲዮ ክፍሉ ይነቃል። ልኮ ሲጨርስ ደግሞ ወዲያው አይተኛም፤ ሌላ ነገር ይመጣ ይሆናል ብሎ ለተወሰኑ ሰከንዶች ነቅቶ ይጠብቃል። እኛ በየ5 ሰከንዱ ስንቀሰቅሰው ጨርሶ እንቅልፍ አያገኝም። ጂፒኤሱም ባጃጁ ቆሞ እያለ ሳይቀር ይሠራል። ታዲያ ጥፋቱ የስልኩ ነው? የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው።

ማስተካከያው ሁለት ቀን ብቻ ፈጀ። ጥሪ ሲኖር ሰርቨሩ ራሱ መልእክት እንዲልክ አደረግን። ጂፒኤሱም ባጃጁ ሲንቀሳቀስ ብቻ እንዲሠራ። ሁለት ቀን! ሰውየውን ግን አዲስ ስልክ ግዛ ብዬው ነበር።

አዲስ ስልክ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ስማርት ስልክ በዕድሜው ከሚያስከትለው የካርቦን ብክለት አብዛኛው የሚደርሰው ገና ሲመረት ነው፤ ማዕድኑ ሲወጣ፣ ቺፑ ሲሠራ። ሰው እጅ ገብቶ ቻርጅ ሳይደረግ በፊት ማለት ነው። ስለዚህ በከባድ አፕ የተነሳ ያለጊዜው የተጣለ ስልክ ትልቅ ኪሳራ ነው። ለሹፌሩ ኪስም፣ ለምድሪቱም።

«የኛ መብራት ከውሃና ከነፋስ ነው፣ ምን ችግር አለው?» የምትሉ አላችሁ። ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። እውነት ነው፣ የአገራችን ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ንጹህ ነው። የምንከራየው ሰርቨር ግን ብዙውን ጊዜ ያለው ውጭ አገር ነው፤ እዚያ ደግሞ የድንጋይ ከሰልና ጋዝ የሚያነዱ ሞልተዋል። እንደ ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ ግምት በ2024 እ.ኤ.አ. ሰርቨሮች በብዛት የሚቀመጡባቸው የዓለም ዳታ ሴንተሮች 415 ቴራ ዋት ሰዓት ገደማ ኤሌክትሪክ ተጠቅመዋል። ከዓለም ፍጆታ 1.5 በመቶ ያህል ነው። የኛውስ ቢሆን መቼ ተትረፈረፈ? መብራት ያላየ ወገናችን ብዙ ሚሊዮን ነው። እዚህ ጎረቤታችን ያለው ቆቃ ግድብ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ሲያገለግል ኖሯል፤ አሁን ደለል ሐይቁን እየሞላው ነው።

ስዊዘርላንዳዊው የኮምፒውተር ሊቅ ኒክላውስ ቪርት በ1995 እ.ኤ.አ. ይህንኑ አንስቶ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ከሚፈጥነው በላይ ሶፍትዌሩ እየከበደ ነው ብሎ። ይኸው እስከ ዛሬ አልሰማነውም።

በተለይ እናንተ ወጣቶች፣ እባካችሁ ልብ በሉ። የጣት ጥፍር ለምታህል ፎቶ 5 ሜጋ ባይት አታስወርዱ። የሰው ካርድ ነው የምትበሉት። ለአንድ ትንሽ ሥራ ብላችሁ ግዙፍ ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት ኮድ) አትጫኑ። አንድ ስም ለማሳየት ዳታቤዙን (የመረጃ ቋቱን) በሙሉ አትጥሩ። ፕሮጀክቱ ካለቀ ወር ያለፈውን፣ ማንም የማይጠቀምበትን ሰርቨር ዝጉት፤ ሌሊቱን ሙሉ ለማን ነው የሚሠራው? አፕ የምታሠሩ ነጋዴዎችም ብትሆኑ፣ መልኩ ማማሩን ብቻ አትዩ። ባትሪና ዳታ ምን ያህል እንደሚበላ ጠይቁ። ገንዘቡን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ፣ መብታችሁ ነው።

በዚህ ሳምንት አንድ ነገር አድርጉልኝ። ከሰፈራችሁ ሞባይል ጥገና ቤት 2 ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ስልክ ግዙ ወይም ተዋሱ። አፓችሁን ጫኑበት። ቻርጁ ሙሉ ሲሆን ጠዋት ይዛችሁት ውጡ፣ እንደ ሹፌሩ ከተማውን ዙሩበት። ከምሳ በፊት ባትሪው አልቆ ከጠፋባችሁ ማታ ቁጭ ብላችሁ ኮዱን ክፈቱ።