ከአጋም የተጠጋሁት እኔ ነኝ

እኔ የምለው፣ አጋም አጥር ያላችሁ ሰዎች፣ ገጀራ የሚባል ነገር ቤታችሁ የለም እንዴ?

የምኖረው ባሕር ዳር ዳርቻ ነው። ከቤቴ እስከ ዋናው መንገድ ባለችው መተላለፊያ በፊት ባጃጅ ይገባባት ነበር። አሁን ሆዳችንን አጥብበን በጎን ነው የምናልፈው። የጎረቤቴ አጋም በየክረምቱ ስንዝር ስንዝር ወደ መንገዱ ይገፋል፣ እሳቸው ደግሞ እሱን እየተከተሉ ከውስጥ በኩል ሽቦውን ያስጠጋሉ። መሬት በእሾህ ሲወሰድ ያየሁት እዚህ ነው።

ዛሬ ጠዋት ወድቆ የደረቀ ቅርንጫፍ ረገጥኩ። እሾሁ ሸበጤን በስቶ ተረከዜ ውስጥ ገባ። ቀጥ ያለ፣ ጣት የሚያህል። ባለቤቴ በመርፌ ስታወጣልኝ ሥራ ረፈደብኝ። ባለፈው ሳምንት ዣንጥላዬን ቀዶታል፣ ከዚያ በፊት የልጄን ዩኒፎርም።

«ጋሼ፣ ትንሽ ቢከረከም» ብላቸው፣ «ልጄ፣ አጋም እኮ ሥሩ ለቡዳ ይታጠናል፣ ፍሬውን ልጅ ይበላዋል፣ እንዴት ይቆረጣል?» አሉኝ። እኔ መንጥሩት መች አልኩ? አቤት ልል የሄድኩበት ቢሮ ደግሞ የቤቴን ካርታ አምጣ አለኝ። እሾሁን ያበቀልኩት እኔ ነኝ እንዴ!

በጋ ሲመጣ ይደርቅ ይሆናል እንዳትሉኝ። ሌላው ቅጠሉን ሲያራግፍ ይሄ አረንጓዴ ነው። ቢቆረጥም ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ሳነብ ደግሞ የመን አለ፣ ህንድ አለ፣ አውስትራሊያ ድረስ አለ። ያን ሁሉ ደረቅ ሜዳ ትቶ የኔን መተላለፊያ!

«ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» ሲባል ስሰማ ነው ያደግኩት። ቁልቋሉ እኔ መሆኔን አላወቅኩም ነበር። አጋሙ ራሱም እኮ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያለቅሳል፣ ግን ማን ቆርጦት!

የሚያናድደኝ ደግሞ እኔም የአጋም ልጅ መሆኔ ነው። ከብት ስጠብቅ ጥቁር እስኪል የበሰለውን እየለቀምኩ፣ አፌ ወይን ጠጅ መስሎ ቤት እገባ ነበር። አሁንም ነጩ አበባው ሲፈካ ማታ ማታ ሽታው በመስኮት ይገባል፣ እና ንዴቴ ይበርዳል።

ለማንኛውም ለቅዳሜ ገጀራ ተውሻለሁ። ልጄ ሰምቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አባዬ፣ ፍሬው ሳይበስል እንዳትቆርጠው!»