ጠጠር ሲረግፍ «ውጡ» የሚል ይኑር

የማዕድን ዋሻ አብዛኛውን ጊዜ ሳይናገር አይናድም።

ጣሪያውን በብረት ዘንግ አንኳኩት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ድንጋዩ ገና አልለቀቀም። እንደ ከበሮ ካስተጋባ ግን ከላይኛው ተላቋል፤ ሊወርድ ነው። የድጋፉ እንጨት ሲንቋቋ፣ ማንም ሳይነካው ጠጠር ሲረግፍ፣ ትናንት ጥፍር የማያስገባ ስንጥቅ ዛሬ ጣት ሲያስገባ፣ ይሄ ሁሉ «ውጡ» ማለት ነው። በትልልቅ ማዕድን ማውጫዎች ጆሮ የማይሰማውን የድንጋይ ስንጠቃ የሚያዳምጡ መሣሪያዎች አሉ። ጥሩ ነው። ግን ምልክቱን ማየት ብቻውን ሰው አያድንም።

የደቡብ አፍሪካውን ኮልብሩክ የከሰል ማዕድን እንውሰድ። ብዙ ከሰል ለማውጣት ሲባል ጣሪያው ወደ ላይ ተቆፍሮ፣ የተሸከሙት ምሰሶዎች ረዝመው ደክመው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 መጨረሻ አንዱ ክፍል ተናደ። ሥራው ቀጠለ። ጃንዋሪ 21 ቀን 1960 እንደገና መናድ ሲጀምር፣ ደንግጠው የወጡ ሠራተኞች ተመልሰው እንዲገቡ ታዘዙ። በዚያ ቀን 435 ሰው አለቀ። አስከሬናቸው እንኳ አልወጣም። እነዚያ ሰዎች ምልክቱን ሰምተዋል እኮ! የመውጣት መብት ነው ያጡት።

ወደ እኛው፣ ወሎ ውስጥ ወዳለችው ደላንታ እንምጣ። በ2016 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ አካባቢ ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ የሚወጣበት ዋሻ ተደርምሶ 20 ገደማ ቆፋሪዎች ውስጥ ተይዘው ነበር። ሊደርሱላቸው የሞከሩት የአካባቢው ሰዎች በእጅ መሣሪያ ነበር የሚቆፍሩት። ወሎ ውስጥ ኦፓሉ ያለው ገደሉ ላይ በምትገኝ ቀጭን ንብርብር ውስጥ ነው፤ ልጆቹ እሷን እየተከተሉ ወደ ውስጥ ይገባሉ። እዚያ «ተመለስ» የሚል አለቃ የለም። የሚመልሳቸው ችግር ነው። ሳምንት ሙሉ ቆፍሮ ባዶ እጁን የሰነበተ ልጅ፣ ትንሽ ጠጠር ረገፈ ብሎ ጥሎ አይወጣም። እኔም ብሆን የምወጣ አይመስለኝም።

ስለዚህ ወረዳውና የቆፋሪዎቹ ማኅበራት ለእያንዳንዱ ዋሻ አንድ ሰው ይመድቡ። ጠዋት ጠዋት ቀድሞ ገብቶ ጣሪያውን ያንኳኳ። ስንጥቁ ላይ ጄሶ ይለጥፍ፣ ቀኑን ይጻፍበት፤ ጄሶው ከተሰነጠቀ ተራራው እየተንቀሳቀሰ ነው። «ዛሬ አይገባም» ካለ ማንም አይግባ። ሥራው ከቆፋሪ እኩል ይቆጠርለት፣ ከሽያጩም እኩል ይካፈል። ዋሻውን በመዝጋቱም ከድርሻው ሳንቲም አይቀነስበት።