ከአራተኛ ፎቅ ለማይወርዱ ታማሚዎች

ሰሞኑን በየስልኩ የሚዘዋወር አንድ ቪዲዮ አለ። በስትሮክ ግማሽ አካላቸው የተያዘ ሰው ስስ ኤሌክትሪክ ወደ ሰውነት የሚያስተላልፉ ኤሌክትሮዶች የተገጠሙበት ጥብቅ ልብስ ለብሰው ይቆያሉ፤ ሲያወልቁት ተጨብጦ የነበረው እጃቸው ይፈታል። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖረው፣ እሷም ስትሮክ የመታት እናቴ ይህን አይታ «እኛ አገር የለም ወይ?» ስትል ጠየቀችኝ።

ልብሱ መነሻው ስዊድን ነው፤ 58 ኤሌክትሮዶች አሉት፤ ታማሚው አንድ ቀን እያሳለፈ ለአንድ ሰዓት ያህል ቤቱ ሆኖ ይለብሰዋል። በጤነኛ ሰው ክንድን የሚዘረጋው ጡንቻ ሲሠራ የሚያጥፈው ይላላል። ስትሮክ ግን የአንጎልን ልጓም ስለሚበጥስ የሚያጥፉት ጡንቻዎች ያለ ከልካይ ይገተራሉ፤ ክርን ይታጠፋል፣ ጣቶች ይጨበጣሉ። ልብሱ ተቃራኒውን ጡንቻ በስሱ እየቀሰቀሰ የተገተረውን ያላላል ይባላል። «ይባላል» ማለቴ እስካሁን የተደረጉት ጥናቶች በጥቂት ሰዎች ላይ የተሠሩና ውጤታቸውም የተለያየ ስለሆነ ነው። ከጉልበት በታች ታስሮ በየእርምጃው ነርቭ በመቀስቀስ የሚጎተተውን እግር የሚያነሳው አነስተኛ መሣሪያ ግን እ.ኤ.አ. በ1961 ተመራማሪው ሊበርሰንና ባልደረቦቹ ካስተዋወቁት ወዲህ ብዙ ተፈትኗል፤ መሣሪያ የምናስገባ ከሆነ ከእሱ ብንጀምር እመርጣለሁ።

ከልብሱ ይልቅ ልቤን የነካው «ቤቱ ሆኖ» የሚለው ቃል ነው። እናቴ በሳምንት ሦስት ቀን ፊዚዮቴራፒ ታዞላት ነበር። ሊፍት ስለሌለ ወንድሜና እኔ በወንበር ተሸክመን እናወርዳታለን፣ በባጃጅ እስከ ዋናው መንገድ፣ ከዚያ በኮንትራት ታክሲ መሀል ከተማ፤ ለግማሽ ሰዓት ሕክምና ሙሉ ቀን ያልቃል፣ የወንድሜም የቀን ሥራ ይቀራል። በሁለተኛው ወር አቆምን። እጇ የታጠፈው ከዚያ በኋላ ነው። ጎረቤት አዝኖ ያመጣልን ወጌሻ ክንዷን በኃይል ሲስበው ደግሞ ትከሻዋ ታመመ፤ ከስትሮክ በኋላ የላላ ትከሻ እንደማይጎተት የነገረን ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ከመሣሪያው በፊት ቤት ለቤት የሚመጣ ሰው እንዲቀድም እጠይቃለሁ። በየብሎኩ እየዞሩ የደም ግፊት የሚለኩት የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ታማሚን እንዴት ማስተኛት፣ መገጣጠሚያን እንዴት ቀስ አድርጎ መዘርጋት እንደሚገባ ቢሠለጥኑ፣ አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያም በወር አንዴ ቢከታተላቸው፣ ብዙ እጆች ሳይታጠፉ ይተርፉ ነበር። መሣሪያውም ቢመጣ ያለ እነሱ አይሆንም፤ ልቡ ላይ የምት ማስተካከያ የተተከለለት ሰው እንዳይለብሰው የሚለይ፣ ቆዳው በደነዘዘ ታማሚ ላይ ቁስል እንዳይፈጠር የሚያይ ዓይን ያስፈልጋል።

ለእናቴ «ገና ነው» አልኳት። አንዲት ባለሙያ በአንድ ከሰዓት ባሳየችኝ መሠረት በየማለዳው ጣቶቿን አንድ በአንድ እዘረጋለሁ፤ ትናንት አውራ ጣቷ ሳያማት ተከፈተ።