የሕዝብ ዋይፋይ ችግር ያለው መውጫው ላይ ነው

በሕዝብ ዋይፋይ የሚነግዱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚደክሙት ለመግቢያ ገጹ ነው፤ አርማውን፣ ቀለሙን፣ ደንበኛው ከገዛው ካርድ ላይ ያለውን ኮድ የሚያስገባበትን ሳጥን ያሳምራሉ። የደንበኛው ምሬት ግን ሌላ ነው። «ካርዴ ገና ሰዓት እያለው ተዘጋብኝ»፣ «በሌላ ስልክ ገብተሃል ይለኛል»፣ «ሳልጠቀምበት አለቀ»። ሦስቱም በአብዛኛው የሚመነጩት ሲስተሙ ደንበኛው መቼ እንደ ወጣ በትክክል ባለማወቁ ነው። ሰው ያልተጠቀመበትን ደቂቃ መቁጠር ደግሞ የቴክኒክ እንከን ነው ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ ገንዘቡን መውሰድ ነው።

ደንበኛው ኮዱን ሲያስገባ ራውተሩ የራዲየስ ሰርቨሩን፣ ማለትም የደንበኞችን ፈቃድና ሒሳብ የሚይዘውን ኮምፒውተር፣ በፖርት (በመገናኛ በር ቁጥር) 1812 ይጠይቃል፤ ሰርቨሩም ፈቃዱን ከቀረው ሰከንድ ጋር ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ሒሳቡ የሚያዘው በፖርት 1813 በሚላኩ ሦስት ዓይነት መልእክቶች ነው፦ ጀመረ፣ እስካሁን ይህን ያህል ተጠቀመ፣ አቆመ። የሚጎድለው የመጨረሻው ነው። «ውጣ» የሚለውን ተጭኖ የሚሄድ ሰው ከስንት አንድ ነው፤ ሁሉም ስልኩን ኪሱ ከትቶ ይነሳል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ራውተሩ ራሱ «አቆመ» ሳይል ይጠፋል። ዳታቤዙ ውስጥ የመነሻ ሰዓት ያለው፣ የመዝጊያ ሰዓቱ ባዶ የሆነ መስመር ይቀራል። ካርዱ በአንድ ጊዜ ለአንድ ስልክ ብቻ የተፈቀደ ከሆነ፣ ባለቤቱ ተመልሶ ሲመጣ የሚከለክለው የራሱ ያልተዘጋ ሴሽን (ከመግቢያ እስከ መውጫ ያለው ግንኙነት) ነው።

መፍትሔው የሚጀምረው የመሃል ሪፖርቱን፣ ማለትም «እስካሁን ይህን ያህል ተጠቀመ» የሚለውን መልእክት፣ በማስከፈት ነው፤ ካልታዘዘ የማይልክ ራውተር ብዙ ነው። በየ10 ደቂቃው መላኩ ይበቃል። የራዲየስ ደረጃም ከ600 ሰከንድ ባያንስ ይመክራል፣ ከ60 በታችማ ጨርሶ መውረድ የለበትም። ሦስት ሪፖርት በተከታታይ ከቀረ፣ ማለትም 30 ደቂቃ ካለፈ፣ ሴሽኑ ይዘጋ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ፦ የመዝጊያው ሰዓት መሆን ያለበት የመጨረሻው ሪፖርት የደረሰበት እንጂ የማጽጃው ስክሪፕት (የቀሩ ሴሽኖችን የሚዘጋው ትንሽ ፕሮግራም) የሠራበት አይደለም። የመጨረሻው ሪፖርት ከምሽቱ 2፡10 ደርሶ ወዲያው መብራት ቢጠፋ፣ ስክሪፕቱም ከሌሊቱ 11፡10 ሠርቶ የራሱን ሰዓት ቢመዘግብ፣ ደንበኛው ያልተጠቀመበት 9 ሰዓት ይቆረጥበታል። ራውተሩ ሲነሳ ለሰርቨሩ የሚልከው የ«ሥራ ጀምሬአለሁ» መልእክት ካለም፣ በዚያ ራውተር ስም ክፍት የነበረው ሁሉ በዚያው ቅጽበት፣ የመዝጊያ ሰዓቱ ግን ያው የመጨረሻው ሪፖርት የደረሰበት ሆኖ፣ እንዲዘጋ ማድረግ ይገባል። የራውተሩ ሰዓትም ከኢንተርኔት የሚስተካከል ይሁን፤ ብዙ ትንንሽ ራውተሮች ባትሪ ያለው ሰዓት ስለሌላቸው መብራት ሲመለስ በተሳሳተ ቀን ይነሳሉ።

ስልኮችን በማክ አድራሻ (በዋይፋይ መለያ ቁጥራቸው) እየለዩ ካርድን ከአንድ ስልክ ጋር ማሰር የቆየ ልማድ ነው፤ አሁን ግን መተው አለበት። ከአንድሮይድ 10 (2019) እና ከአይኦኤስ 14 (2020) ጀምሮ ስልኮች ለእያንዳንዱ ኔትወርክ በዘፈቀደ የተፈጠረ አድራሻ ይሰጣሉ። የኔትወርኩ ስም ሲቀየር ወይም ደንበኛው የስልኩን ቅንብር ሲነካ አድራሻው ሊለወጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ በገዛ ካርዱ ባይተዋር ይሆናል። እንዲህ ያለ አድራሻ በሁለተኛው አሃዙ ይታወቃል፤ 2፣ 6፣ ኤ (A) ወይም ኢ (E) ነው። በአንጻሩ የይለፍ ቃል በሌለው ዋይፋይ ላይ ማክ አድራሻ በግልጽ በአየር ላይ ስለሚተላለፍ፣ የሌላውን ቀድቶ በእሱ ሒሳብ መግባት ለሚፈልግ ሰው ከባድ አይደለም። ልማዱ ሐቀኛውን ያስቸግራል፤ ሌባውን አያስቆምም። ማክ አድራሻን ለጥቂት ሰዓት «ኮዱን ደግመህ ማስገባት አያስፈልግህም» ለማለት ብቻ መጠቀም ይበቃል፤ መብቱ ግን የኮዱ ይሁን።

አንድ ኮድ በሁለት ስልክ ሲሞከርስ? አብዛኛው ሲስተም አዲሱን ይከለክላል። አሮጌውን ማቋረጥ ይሻላል፤ ኮዱን በእጁ ይዞ አሁን የቆመው ሰው ነውና። ሰርቨሩ ለራውተሩ በፖርት 3799 የማቋረጫ ትእዛዝ መላክ ይችላል፤ ራውተሩ ላይ ይህ መቀበያ ተዘግቶ ከሆነ መክፈትና ከሰርቨሩ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) ብቻ እንዲቀበል መገደብ ነው።

የአይፒ አድራሻም እንዲሁ ሳይመለስ ይቀራል። ከአድራሻው 32 ቢት 24ቱ ለኔትወርኩ መለያ በተያዙበት፣ በተለመደው ባለ 24 ቢት ኔትወርክ ለመሣሪያ የሚሆነው 254 አድራሻ ነው፤ አንዱን ራውተሩ ይወስደዋል። ዲኤችሲፒው (አድራሻ አዳዩ ፕሮግራም) አድራሻውን ለ24 ሰዓት ካከራየ፣ ጠዋት አልፎ የሄደ ሰው እስከ ማግስቱ ቦታ ይዞ ይውላል፤ ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ደግሞ የመግቢያ ገጹ እንኳ አይታየውም። ኪራዩን ወደ 1 ሰዓት ማሳጠር፣ ቢያስፈልግም ወደ 22 ቢት ማስፋት (1022 አድራሻ) ይሻላል።

በጊጋ የሚሸጥ ደግሞ ቆጣሪውን ይፈትሽ። የራዲየስ የባይት ቆጣሪ 32 ቢት ስለሆነ 4 ጊጋ ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ስንት ጊዜ እንደ ዞረ የሚናገረው ሌላ መስክ ነው። እሱን የማያነብ ስክሪፕት በአንድ ሴሽን 5 ጊጋ የተጠቀመን 1 ጊጋ ብሎ ይመዘግባል።

ካርዱ ላይ «1 ሰዓት» ብሎ መጻፍም አይበቃም። ከመጀመሪያው መግቢያ ጀምሮ ነው የሚቆጠረው ወይስ የተገናኘበት ጊዜ ብቻ? ሁለቱም ያስኬዳሉ፤ ያልተጻፈ ከሆነ ግን ደንበኛው የሚረዳው ሁለተኛውን ነው።

አገልግሎቱ ከመከፈቱ በፊት አንድ ሙከራ ይደረግ። አንድ ስልክ ገብቶ ፋይል እያወረደ ሳለ የራውተሩን ኤሌክትሪክ ንቀሉ። ከሩብ ሰዓት በኋላ መልሳችሁ ሰኩና በዚያው ኮድ በሌላ ስልክ ግቡ። ሳይከለክል ሊያስገባ፣ የቀረው ሰዓትም ቢበዛ በአንድ ሪፖርት ልዩነት ልክ ሊሆን ይገባል፤ የተነቀለበት ሩብ ሰዓት ከተቆጠረ ካርድ አትሽጡ።