ጎንደሬ ሆይ፣ ትኬት ቁረጥ

ኮንሰርቱ ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ነበር የተባለው። 10 ሰዓት ሲሆን አዳራሹ ውስጥ የነበርነው ባንዱ፣ የድምፅ ባለሙያው፣ እኔና አንዲት ድመት ነበርን። በሰዓቷ የመጣችው ድመቷ ብቻ ናት። እኛማ ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ነን።

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ከመስቀል በኋላ ጀምረን በሰፈራችን የኪነት አዳራሽ በየወሩ አንድ ኮንሰርት ስናሰናዳ ከረምን። አንዱን ወር ዘመናዊ ዘፈን፣ ሌላውን ወር ጃዝ። ሁዳዴ ሲገባ እንደ ደንቡ አቆምን። እስከዚያ አምስት ዝግጅት አደረግን። አዳራሹ 180 ወንበር አለው። አምስቱንም ጊዜ ወንበር የደረደርኩትም፣ ባዶውን የቆጠርኩትም እኔ ነኝ። አንድ ጊዜም ሞልቶ አያውቅም። በአንዱ የጃዝ ቀን 23 ሰው መጣ። ከ23ቱ ዘጠኙ የባንዱ ዘመዶች ናቸው፤ አንዱ ደግሞ ከዝናብ ሊጠለል የገባ ነው።

በር ላይ የምቆመውም እኔው ስለሆንኩ እዚያ ያየሁትን ልንገራችሁ። ትኬቱ የሁለት ቢራ ዋጋ ነው። አንድ ጎልማሳ መጣ። ኮቱ የተተኮሰ፣ ጫማው የተወለወለ ነው። «እንዴት ዋልክ ጃል» ብሎ ትከሻዬን ቸብ አድርጎኝ ሊያልፍ ሲል ትኬት ጠየቅኩት። ቆመ። ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«እኔን?» አለኝ።

ይቺ «እኔን?» የምትባል ቃል በዚህ ከተማ ስንት ነገር ገደለች! ከዚያ የዘር ቆጠራው መጣ። አባቱ ከአባቴ ጋር አንድ ማኅበር ይጠጡ እንደነበር ነገረኝ። እውነት ነው፣ ይጠጡ ነበር። ቀጥሎ ስልክ አወጣና አንዱን የኮሚቴ አባል ደወለለት። ኮሚቴው ይሉኝታ ያዘውና «ተወው፣ አስገባው» አለኝ። ሃያ ደቂቃ ፈጀን። ገባ። ውስጥ ገብቶ ለአራት ሰው ቢራ አዘዘ። በቢራው ላይ አልተከራከረም። ቢራ ፋብሪካው ውስጥ ዘመድ የለውም መሰለኝ።

ኪሱ ባዶ የሆነውን አልወቅስም። ኑሮው ምን እንደሚመስል እኔም ገበያ እወጣለሁ። ተማሪ በግማሽ ይገባል፤ ግማሹንም ያጣ ልጅ ሲመጣ ዓይኔን ጨፍኜ አሳልፌዋለሁ። መንገዱ አስፈርቶት ቤቱ የዋለውንም አልወቅስም። የምቆጣው ከፍሎ መግባት ውርደት በሚመስለው ሰው ላይ ነው። በነፃ የገባ ቀን የተከበረ የሚመስለው አለ አይደል? እሱ ላይ ነው። ሐኪም ዘመዱ ዘንድ ሄዶ ካርድ ያወጣል፣ ልብስ ሰፊ ጎረቤቱን ይከፍላል። ዘፋኝና ሙዚቀኛ ግን «የኛው ልጅ» ነውና በነፃ ይጫወትለት። የኛው ልጅ የማንን ምሳ ነው የሚበላው?

ሳክስፎን የሚጫወተውን ልጃችንን እዩት። ጠዋት ያስተምራል፣ ከሰዓት ይለማመዳል። አንድ ቀን ከመድረክ ጀርባ አገኘሁት። የሳክስፎኑን ሪድ፣ ሲነፋ እየተርገበገበች ድምፅ የምታወጣውን ስስ ቁራጭ፣ ከአፉ አውጥቶ ወደ አምፖሉ አስጠግቶ ያየዋል። ጫፉ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ አለች። ከአዲስ አበባ በሰው የምትመጣለት ነገር ናት። የነበረችው ሌላ አንዲት ብቻ ናት፤ እሷን ለኮንሰርቱ አስቀምጧታል። ለልምምድ በተሰነጠቀችው ነፋ። ድምፁ ሲያፏጭ «ይቅርታ ጋሼ» ይለኛል፣ እኔን እንዳስቀየመ ሰው አንገቱን ደፍቶ። መድረክ ላይ ደህናዋን አስገብቶ ሲነፋ የሰሙት 23 ሰዎች ናቸው። ድመቷን ሳልቆጥር።

ያቺ ሪድ ምንድን ናት ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ሸምበቆ ናት። የተላገች ሸምበቆ። እረኛው ጥጃ እያገደ የሚነፋው ዋሽንትም ሸምበቆ ነው። ይሄን ያነሳሁት በምክንያት ነው። «ጃዝ የፈረንጅ ነገር ነው፣ ለኛ አይሆንም» የሚል ወሬ በከተማው ይዞራል። ማን እንደጀመረው አላውቅም። የሚያወሩትን ሰዎች ግን በአንዱም ኮንሰርት ላይ አላየኋቸውም።

እሺ፣ እንነጋገርበት። ሙላቱ አስታጥቄ ጅማ ተወለደ። ወደ እንግሊዝ አገር የተላከው ምሕንድስና እንዲማር ነበር። ልቡ ወደ ሙዚቃ አደላና ለንደን ትሪኒቲ፣ ከዚያም ቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባ። ይዞት የተመለሰው የፈረንጅ ዜማ ቢሆን ኖሮ ማንም አያስታውሰውም ነበር። እሱ ያደረገው ባለ አምስት ድምፁን ቅኝታችንን፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺ ሆዬን እንዳሉ ይዞ፣ ባለ አሥራ ሁለት ድምፅ የሆነውን የውጭውን አስማምቶ ከሥር ማንጠፍ ነው። ጣዕሙ እንዳይጠፋ አድርጎ መቀላቀል ከባድ ነው። በርበሬ ሲበዛም ሲያንስም ወጡን እንደሚያበላሸው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ታዋቂው አሜሪካዊ የጃዝ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን ኦርኬስትራውን ይዞ አዲስ አበባ ሲመጣ ከጎኑ የነበረው ሙላቱ ነው። ዛሬ ዓለም «ኢትዮ ጃዝ» ብሎ የሚጠራውን ነገር ጎንደር ላይ «የሰው ነው» ብለን በር ስንዘጋበት ያስቃል። አያስቅም እንጂ።

ከሱም በላይ ጌታቸው መኩሪያ አለላችሁ። ጌታቸው ሽለላን ወስዶ በሳክስፎን ነፋው። ፉከራን! የጦር ሜዳውን! የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ መድረክ ላይ ወጥቶ እንደ ጀግና ያቅራራ ነበር፤ ሰውየው ሳይሆን ሳክስፎኑ። ዘ ኤክስ የሚባሉ የሆላንድ ሙዚቀኞች ሰምተውት አበዱ፣ አብረውት አልበም ሠሩ፣ አውሮፓን አዞሩት። እንግዲህ ቀረርቶና ፉከራ ሲነሳ «ጎንደር ላይ ነው እንጂ!» ብሎ ደረቱን የማይነፋ ማን አለ ከናንተ መሀል? የኛ ልጅ ያንኑ ሽለላ በሳክስፎን ሲያመጣው ግን 157 ወንበር ነው ያዳመጠው።

በቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባል የለ። እኛ ላይ በትክክል የደረሰው እሱ ነው።

ፋሲል ግቢን ለእንግዳ ስናስጎበኝ ኩራታችን ለጉድ ነው። ይሄ የፋሲለደስ፣ ይሄ የታላቁ ኢያሱ፣ ይሄ የበካፋ፣ ይሄ የምንትዋብ። የዳዊት አዳራሽ ጋ ስንደርስ ፎቶ አንስተን እናልፋለን። እ.ኤ.አ. ከ1716 እስከ 1721 የነገሠው ዳዊት ሣልሳዊ ነው ያሠራው። ዘፈን የሚወድ፣ አዝማሪ የሚያስጠጋ ንጉሥ ነበር። አዳራሹን ያሠራውም ለዘፈን ነው። ወንድሙ በካፋ ከሱ ቀጥሎ ነገሠና የራሱን ግንብ ሠራ። አስቡት፤ ከ300 ዓመት በፊት በዚህች ከተማ ቤተ መንግሥት ውስጥ ለሙዚቃ ብቻ ተብሎ የታነፀ ቤት ነበር። ድንጋዩ እስከ ዛሬ አለ። ድንጋዩን እናስጎበኛለን፤ ዘፈኑን ለመስማት ግን ሁለት ቢራ አንሠዋም።

ማዳመጥ እንዳናውቅ ሆነን አልተወለድንም እኮ። እሱ ነው የሚያበሳጨኝ። ድሮ አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ሥራ ነበረበት። ዝም ብሎ የሚቀመጥ የለም። ብርሌውን ይዞ ያስባል፣ ግጥም ያሰናዳል፣ «ተቀበል!» ይላል። አዝማሪው ይቀበለዋል፣ በመሰንቆው ያሽሞነሙነዋል፣ ሰምና ወርቁ ያልገባው ካለ ጎረቤቱን በክርን ነካ አድርጎ ይጠይቃል። ጥሩ ያለ ተሸላሚ፣ ጥሩ የሰማ ሸላሚ ነው። ብሩን ግንባሩ ላይ ሲለጥፍለት «ዘመዴ ነህ፣ በነፃ ዝፈንልኝ» ያለ አልነበረም። ቢልማ በሚቀጥለው ስንኝ አፈር ያስበላው ነበር። በአዝማሪ መሰደብ ደግሞ እስከ ልጅ ልጅ ነው የሚተርፈው።

ልክ ነው፣ ያን ጊዜም እዳ ነበረብን። ማታ እየሸለምን ጠዋት «አዝማሪ!» ብለን እንሳደብ ነበር። ልጃችን መሰንቆ ቢያነሳ እንሰብርበታለን። ጭራው ከፈረስ፣ ቆዳው ከፍየል፣ እንጨቱ ከጓሮ፣ ሁሉም የኛ፤ ተጫዋቹ ግን ዝቅ ያለ። ይቺ ነገር ከውስጣችን አልወጣችም። ዛሬ ኪቦርድ ለሚጫወተው ልጅ አባቱ «እሱስ ይሁን፣ ሥራህስ?» ይለዋል። በር ላይ «እኔን?» የሚለውም ከዚያው ጓዳ የወጣ ነው። ለአዝማሪ ይሰጠዋል እንጂ አዝማሪ አይጠይቅም፤ እሱ ነው ሐሳቡ። ሽልማት ከሆነ እንሰጣለን፣ ያስከብረናላ። ዋጋ ከተባልን እንቆጣለን።

ከገባችሁ በኋላም ጉድ አለ። ፀጥ ባለ ቦታ ላይ፣ ቤዝ ጊታሩ ብቻውን እየተራመደ ባለበት፣ «አሎ! አሎ! አይሰማም!» የሚል ሰው አለ። አይሰማህም፤ ኮንሰርት ላይ ነህ። ቲክቶክ ላይቭ ገብቶ ጀርባውን ለባንዱ ሰጥቶ ፊቱን የሚቀርጽ አለ። አንዱማ የትዝታ ሶሎ መሀል ላይ ተነስቶ «እስክስታ አምጣልን!» ብሎ ጮኸ። እስክስታ ጠልቼ አይደለም፤ ትከሻዬ ነው እንጂ እምቢ የሚለኝ ልቤስ ይወዳል። ግን ቄስ ቅዳሴ ላይ ሳለ «ወረብ አምጣ» ይባላል? ሁሉም ተራ አለው። የዘመናዊው ዘፈን ቀን ዝለሉ፣ አብራችሁ ዝፈኑ፣ ማንም አይከለክላችሁም። በጃዙ ቀን ልጁ ዜማውን ይዞ ሲሄድ ወዴት እንደሚወስደው ጠብቁት። ይመልሰዋል። ሲመልሰው ነው ጭብጨባው።

እንዴት እንደሚደመጥ ከፈለጋችሁ በር ላይ ቆሎ የሚሸጡትን እማማን ጠይቁ። አምስቱንም ጊዜ መጥተዋል። ሦስቱን ከውጭ ሆነው ሰሙ። በአራተኛው ቀን መቀነታቸውን ፈትተው ብር አወጡ። «ግቡ እማማ፣ እርስዎ አይከፍሉም» አልኳቸው። «ለምን? ቆሎዬን በነፃ ትወስዳለህ?» አሉኝ። አፌን ያዝኩ። ከኋላ ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው። ሲወጡ ጠራ አደረጉኝና «ያ ጥሩምባ የሚነፋው ልጅ ሁለተኛው ላይ ደከመው፤ ምሳ አልበላም እንዴ?» አሉ። ሄጄ ጠየቅኩት። አልበላም ነበር። ምሕንድስና የተማሩ፣ መኪና የያዙ፣ ከፊት ወንበር የተቀመጡ ሰዎች ነበሩ በዚያን ቀን። አንዳቸውም ያንን አልሰሙም።

የኛንም ጥፋት ልናገር፣ አለዚያ ትሉኛላችሁ። ሁለት ጊዜ ዘግይተን ጀምረናል። ሰው ይሙላ ብለን ነው። በሰዓቱ የመጡትን ስድስት ሰዎች ቀጥተን የዘገዩትን ሸለምን ማለት ነው። አንድ ጊዜ መብራት ጠፍቶ ጀነሬተሩ ነዳጅ አልነበረውም፤ የኮሚቴው ዝርክርክነት ነው፣ ማንም ላይ አላላክክም። ፖስተርም ፒያሳ ብቻ ለጥፈን አዘዞና ማራኪን ረስተናል። ተስተካክሏል፣ ይስተካከላል።

ለጥምቀት ሰሞን ከሌላ ከተማ ዘፋኝ ሲመጣ ግን ፖስተሩን ሳታዩ እንደምትሰሙ አውቃለሁ። ያኔ ትኬቱ የኛን አምስት እጥፍ ቢሆንም ትሰለፋላችሁ። አንዳንዱ መጥቶ በሲዲ አፉን ያንቀሳቅሳል። ከንፈሩና ድምፁ ሲተላለፉ እያያችሁ ታጨበጭባላችሁ። የኛ ልጆች ስድስት ሆነው፣ ሦስት ሳምንት ተለማምደው፣ እጃቸው ላብ አጥምቆት በቀጥታ ሲጫወቱ ደግሞ «ታዋቂ ናቸው?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ማን ያሳውቃቸው? ታላላቆቻችን የድሮውን የጎንደር የሙዚቃ ቡድን፣ ፋሲለደስ ኪነትን ሲያነሱ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። እነሱም አንድ ቀን ማንም የማያውቃቸው የሰፈር ልጆች ነበሩ። ያወቃቸው ሄዶ የሰማቸው ሕዝብ ነው።

ዳግማይ ትንሣኤ ካለፈ በኋላ ባለው ቅዳሜ እንጀምራለን። የመጀመሪያው የጃዝ ነው። ልጁ ሽለላውን ይዞ ይመጣል፤ ሪድ ከአዲስ አበባ ሦስት መጥታለታለች። 10 ሰዓት ማለት 10 ሰዓት ነው። ከሩብ በኋላ የመጣ የመጀመሪያው ዜማ እስኪያልቅ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል፣ የእማማ ቆሎ አለለት። በሩ ላይ እኔው ነኝ። የኮሚቴውን ስልክ ቁጥር አትደውሉ፤ በዚያን ቀን ስልካችንን ሁላችንም እንዘጋለን። የአጎቴ ልጅ እንደሚከፍል ትናንት ነግሬዋለሁ። ተቀይሞኛል።